ከላይ የዘነበውን ለታች ማን ይንገር?

«በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ፣ በድሬዳዋና በሐረሪ ጥቂት ቦታዎች ላይ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል።» እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ክረምት በመጣ ቁጥር ከዜና በኋላ እንሰማለን። እኔ ይህን ትንበያ ከሚያቃልሉት ወገን አይደለሁም። የሳተላይት ምስል እያነበቡ፣ ካርታ ላይ ተደፍተው የሚያድሩ ባለሙያዎች ያወጡት ቃል ነው። ያሉት ዝናብም ብዙ ጊዜ ከጠቀሷቸው ቦታዎች በአንዱ ላይ ይጥላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የምትኖር እናት ይህን ማስታወቂያ ሰምታ ዛሬ ሌሊት ምን ታድርግ? ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመድ ቤት ትሂድ? ነቅታ ትደር? ወይስ እንደ ትናንቱ በሯን ዘግታ ትተኛ?

ማስታወቂያው ይህን አይነግራትም። ሊነግራትም አይችልም፤ ለምን እንደማይችል ከታች እገልጻለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህን ሊነግራት የሚችል ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው ከእሷ ብዙም ሳይርቅ፣ ከተራራው ላይ፣ ዝናቡ በዓይኑ ፊት ሲወርድ ቆሞ ያያል። እሱ ያየውን ለእሷ እንዲያደርስ ግን ማንም አላዘዘውም፤ ወዴት እንደሚደውልም አልነገረውም።

ትንበያ ለምን እስከዚያች ቤት እንደማይደርስ ልጀምር። ነጎድጓድ የሚያመጣው ደመና፣ ባለሙያዎች ኩሙሎኒምበስ የሚሉት፣ ወርዱ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ጫፉ ደግሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይወጣል። አንዱ ደመና ተወልዶ፣ አድጎ፣ ዶፉን አውርዶ እስኪበተን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። በዓለም ላይ ካሉት የትንበያ ማዕከሎች ስመ ጥር የሆነው የአውሮፓው ማዕከል ምድርን የሚያሰላው በዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ እየከፋፈለ ነው። እንዲህ ባለው ስሌት ውስጥ አንድ ደመና ከአንድ ነጥብ ብዙም አይበልጥም። ሽሮ ድስት ውስጥ ሲንተከተክ እንደሚንተከተክ እናውቃለን፤ ቀጣዩ አረፋ ግን ከድስቱ በየትኛው በኩል እንደሚፈነዳ ማንም አስቀድሞ አይናገርም። ነጎድጓዳማ ዝናብም ከስር በሞቀ አየር የሚነሳ ስለሆነ ጠባዩ እንዲሁ ነው።

የእኛ አገር ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይከብዳል። በአውሮፓ ዝናብ የሚያመጣው የአየር ግጭት ከአትላንቲክ ተነስቶ ሲመጣ ቀናት አስቀድሞ ካርታው ላይ ይታያል። በሐሩር ክልል ግን ዝናቡን የሚያስነሱት በአብዛኛው የቀኑ ፀሐይ፣ የተራራው ቁልቁለትና ከሩቅ የመጣ እርጥበት ናቸው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ነጫጭ ደመናዎች በተራራው አናት ይቆማሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራሉ፤ ምሽቱን ይወርዳሉ። በሐሩር አፍሪካ ላይ የዓለም አቀፍ ሞዴሎችን የዕለት ዝናብ ትንበያ የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ትንበያው ያለፉትን ዓመታት አማካይ አይቶ ከመገመት ብዙም የማይሻልባቸው ሰፊ ቦታዎች እንዳሉ ጽፈዋል። ይህ የእኛን ባለሙያዎች የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የተፈጥሮው ጠባይ ነው፤ የአዲስ አበባው ባለሙያም ሆነ የለንደኑ ባልደረባው ያው ችግር ይገጥመዋል።

ስለዚህ «በጥቂት ቦታዎች» የሚለው ቃል የስንፍና ቃል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ሐቀኛ ቃል ነው። ትንበያ ሰጪው አንድን አካባቢ ሊጠቁም ይችላል፤ ወንዝ መርጦ ለመስጠት ግን አቅም የለውም። ሰው የሚገድለው ደግሞ አንድ ወንዝ ነው።

ይህን ክፍተት ያወቅሁት በሥራ ነው። በ1980ዎቹ፣ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ተራራው ላይ ካለችው ደንገጎ በላይ ባለ ትምህርት ቤት ሳስተምር የዝናብ መለኪያ እንድጠብቅ ተደረገ። በአገራችን ብዙዎቹ የዝናብ ጣቢያዎች እንዲህ ናቸው፤ የሚጠብቋቸው መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የእርሻ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የሚከፈላቸው ትንሽ አበል ነው። ዕቃው ቀላል ነው፦ በአጥር የተከለለ የብረት ጣሳ፣ ውስጡ ማጠራቀሚያ፣ ከጎኑ በሚሊ ሜትር የተሰመረ ብርጭቆ። በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ውሃውን ወደ ብርጭቆው አፈሳለሁ፤ አነባለሁ፤ ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። ባይዘንብም ዜሮ ይጻፋል፤ ያልተጻፈ ቀን እንዳልተለካ ስለሚቆጠር በዚህ ላይ ቸልታ አልወድም ነበር። ተማሪዎቼ ተራ ገብተው ያነቡ ነበር፤ ቁጥር ማንበብ የተማሩበት ብርጭቆ ነው።

ቅጹ በወሩ መጨረሻ በፖስታ ይላካል። በሐምሌ መባቻ የጣለው ዶፍ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሐምሌ ካለፈ በኋላ ነው። ለአየር ንብረት ጥናት፣ ለድልድይ መሐንዲስ፣ ለግድብ ሠራተኛ ይህ መዝገብ ውድ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አገሪቱ ስለ ዝናቧ የምታውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከእንዲህ ያለ ቅጽ ነው። ለዚያች ሌሊት ግን ምንም አይፈይድም። ጠዋት በ3 ሰዓት ብርጭቆውን ደጋግሜ ስሞላ የማስበው ይህንን ነበር፤ እኔ የምለካው ውሃ ወንድሙ ሌሊቱን ድሬ ደርሶ አልፏል።

ከትምህርት ቤቱ በታች ማሽላ የሚዘሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ምሽት ዶፉ ጋብ ሲል ከሸለቆው ጫፍ ቆመው ያዳምጣሉ። ቀርቤ ሰላም አልኳቸው። «ባርሲሳ፣» አሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው፣ «ድንጋዩ ሲንከባለል ይሰማሃል? ዛሬ ታች ያሉት ባይተኙ ጥሩ ነበር።» ማን ይንገራቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱማ ማን አለ! ስልክ የለን፣ መኪናው በዚህ ሰዓት አይወርድ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከዚያ ሸለቆ ጫፍ ወደ ከተማው የሚደርስ ድምፅ አልነበረም። ዛሬ የእኚያ አዛውንት የልጅ ልጆች ኪሳቸው ውስጥ ስልክ አላቸው። የጎደለው ስልኩ አይደለም።

ድሬዳዋን የማያውቅ አንባቢ የመሬቱን አቀማመጥ ልንገረው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደቡቧ ያለው ተራራ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ አጭር ነው። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ከተማዋን መሀል ለመሀል በሚከፍለው ደቻቱ ይሄዳል፤ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደቻቱ ወንዝ አይመስልም። ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከፊራ ገበያ የሚሄድ ሰው ያቋርጠዋል። ደረቅ ወንዝ ሰውን ያዘናጋል፤ ውሃ ያለበትን ወንዝ ሁሉም ይፈራዋል።

ሒሳቡን አስሉት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲጥል 1,000 ሜትር ኪዩብ ውሃ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ ቢጥል 6 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ዛፉ የተመነጠረ፣ አፈሩ የሳሳ፣ ድንጋዩ የገጠጠ ተራራ ከዚህ ግማሹን እንኳ ቢውጥ የቀረው 3 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በአንድ ጠባብ አሸዋማ መንገድ ቁልቁል ይመጣል። ከዘነበበት ሸለቆ ከተማው እስኪደርስ ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ ሲፈጥንም በደቂቃ። ማስጠንቀቂያ መስጫው ጊዜ ያችው ናት።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ከላይ የጣለው ዝናብ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ሰዓት በደቻቱ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። እኔ ያን ጊዜ ወደ ከተማው ተዛውሬ ነበርና ጠዋት ወርጄ አየሁ። ስላየሁት ሁሉ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከጭቃው ውስጥ ያወጧቸው ሰዎች የሌሊት ልብስ ለብሰው ነበር። ማንም አልቀሰቀሳቸውም። በዚያው ክረምት፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰው ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ ላይ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ መልካም ነው። ግንብ ግን የሚያውቀው የተሠራለትን ከፍታ ብቻ ነው። ከእሱ በላይ የሚመጣውን ውሃ ማንም አያስቆመውም፤ ሰው ማስነሳት ግን ይቻላል።

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው፤ ቴክኖሎጂ ሲመጣ ይቀረፋል» የሚሉ አሉ። ለእነሱ የስፔኗን ቫሌንሲያ ልጥቀስ። ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የስፔን ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ከፍተኛ የሆነውን ቀዩን አወጣ። ትንበያው ትክክል ነበር። ቱሪስ በምትባል ከተማ በአንድ ቀን ከ770 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተለካ፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ የሚበልጥ ነው። ሕዝቡ ስልኩ ላይ የማስጠንቀቂያ ጩኸት የሰማው ግን በአገሩ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 20 ሰዓት ከ11 ደቂቃ፣ በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ከ11 ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ፓይፖርታ የምትባለው ከተማ በውሃ ውስጥ ነበረች። ከ220 በላይ ሰው ሞተ።

ፓይፖርታን ልብ በሉልኝ። በዚያች ከተማ ያን ቀን ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም። ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከተራራው ወገን፣ ቺቫ ከተባለች ከተማ አካባቢ ነው፤ የመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነ ወንዝ ነው። ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ያንን ወንዝ ሳያየው ያውቀዋል። ሳተላይት ነበራቸው፣ ራዳር ነበራቸው፣ እያንዳንዱ ሰው እጅ ላይ ስልክ ነበር። የጠፋው በሰዓቱ «ይደወል» ብሎ የሚወስን ሰው ነው። የመልእክቱ ሥልጣን ከሚቲዎሮሎጂው መሥሪያ ቤት ጋር አልነበረም፤ ከክልሉ አስተዳደር ጋር ነበር። በዚያው ክልል ግን የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ትንበያ አንብቦ ከዋዜማው ትምህርት ዘግቷል። ወረቀቱ ለሁለቱም አንድ ነበር። አንዱ ጋ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ነበረ፤ ሌላው ጋ ዘገየ።

ወደ እኛ ስመለስ መሣሪያውም እየተሻሻለ መሆኑን መካድ አይገባም። ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወነጨፈው አዲሱ የሜቴኦሳት ሳተላይት አፍሪካን በየ10 ደቂቃው ያነሳል፤ ከዚህ በፊት የነበረው በየ15 ደቂቃ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ መብረቅን ከጠፈር የሚያይ መሣሪያ አለው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ራዳር ጥቂት በሆነበት፣ ያለውም ራዳር ጨረሩን ተራራ በሚጋርደው አገር፣ መብረቅ የበዛበትን ደመና ማየት ዶፉ የት እንደሚወርድ መጠቆም ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም አውቶማቲክ ጣቢያዎች ተክሏል፤ እነዚህ በየ15 ደቂቃው ይልካሉ፤ እንደ እኔ ቅጽ ወር አይጠብቁም። ከአገር ውጭም የሥራ ተባባሪ አለን፦ በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መርሐ ግብር መሠረት የናይሮቢው ማዕከል ለምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የከባድ ዝናብና የኃይለኛ ነፋስ መመሪያ ለአምስት ቀን አስቀድሞ ይሰጣል፤ የየአገሩ መሥሪያ ቤት ያንን ይዞ የራሱን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። መሰላሉ ከላይ እስከ አዲስ አበባ ተተክሏል። ከአዲስ አበባ ወደ ቀበሌ ያሉት የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ናቸው የጎደሉት።

እነሱን የሚሞላው ሰው ነው፤ ለዚህም ምስክሬ ባንግላዴሽ ናት። በ1963 ዓ.ም. አንድ አውሎ ነፋስ ከ300,000 በላይ ሰው ገደለባት። ከዚያ በኋላ የጀመረችው ሥራ እጅግ ቀላል ነው፦ በጎ ፈቃደኞችን በየመንደሩ አደራጀች። ዛሬ ከ70,000 በላይ ናቸው። ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በድምፅ ማጉያ ይጮኻሉ፣ በየበሩ ያንኳኳሉ፣ አሮጊት ደግፈው መጠለያ ያደርሳሉ። አውሎ ነፋሱ አልቀረም፤ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ከመቶ ሺዎች ወርዶ በ2012 ዓ.ም. በመጣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በአሥሮች ሆነ። የነፋስና የነጎድጓድ ነገር አንድ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ነፋሱ ቀናት አስቀድሞ ይታያል፤ የእኛ ጎርፍ አንዳንዴ ሰዓት እንኳ አይሰጥም። ስለዚህ የእኛ በጎ ፈቃደኛ መቀመጥ ያለበት ታች ብቻ ሳይሆን ላይም ነው።

ሐሳቤን ግልጽ ላድርግ። ሰው የሚገድሉ የታወቁ ደረቅ ወንዞች አሉን፤ የትኞቹ እንደሆኑ ነዋሪው በስም ይጠራቸዋል። ከእያንዳንዱ ወንዝ በላይ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ሸለቆ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይመደብ። ለእያንዳንዳቸው ዝናብ መለኪያ ይሰጣቸው፤ መለኪያው ላይ በቀይ ቀለም አንድ መስመር ይሰመር። በአገራችን በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የጣለ ዝናብ «ከባድ» ይባላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያንን መስመር ካለፈ ግን ሌላ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ጠዋትን ሳይጠብቁ ይደውሉ። የሚደወልለት ሰው ታች፣ ከወንዙ ዳር ይቀመጥ። ሥልጣኑ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ሌሊት በ8 ሰዓት ሰው ለማስነሳት የማንንም ፊርማ አይፈልግ። ሳይረን ካለ ሳይረን፤ ከሌለ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የሰፈሩ ወጣቶች ፊሽካ። ዝናብ ሲበረታ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ነገር ይኑር። መልእክቱ ድሬዳዋ ላይ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ይሁን፤ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚነሳ ሰው የሚደነግጠው በእናቱ ቋንቋ ነው።

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አንድ ጊዜ ልምምድ ይደረግ። ልጆች ከፍ ወዳለው ቦታ የሚወጡበትን መንገድ በቀን ብርሃን ያልሄዱበት ሰፈር በጨለማ አይሄድበትም።

የሚያስቸግረው ገንዘቡ አይደለም፤ አስተዳደሩ ነው። ደቻቱ ውሃውን የሚሰበስብበት ተራራ የላይኛው ክፍል ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ኦሮሚያ ክልል ነው። የሚያፈርሰው ከተማ ግን ሌላ አስተዳደር ነው። ላይኛው ወረዳ ላይ ላለው ሰው አበል ማን ይክፈል? ታችኛው ከተማ በላይኛው ቀበሌ ሰው ላይ ምን ሥልጣን አለው? ወንዙ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቅ ይወርዳል። በዋቢ ሸበሌም እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው ዝናብ በ2015 ዓ.ም. ግንቦት የሶማሊያዋን በለድወይን አጥለቅልቋል። በሁለት አገሮች መካከል መረጃ መለዋወጥ ይቻላል ብለን ናይሮቢ ላይ ከተቀመጥን፣ በሁለት የኢትዮጵያ አስተዳደሮች መካከል አንድ ስልክ ቁጥር መለዋወጥ ሊከብደን አይገባም።

አንድ ተቃውሞ እሰማለሁ፦ «ሦስት ሌሊት አስነስታችሁን ጎርፉ ባይመጣ በአራተኛው ማን ይነሳል?» ይህ ቀልድ አይደለም፤ እውነተኛ አደጋ ነው። ዝናቡ ከላይ ጥሎ አሸዋው ውጦት የሚቀርበት ሌሊት ይኖራል። መልሱ ግን ዝም ማለት አይደለም። መልሱ ለሕዝቡ ከመጀመሪያው እውነቱን መንገር ነው፤ «ከአሥር ጥሪ ሰባቱ በከንቱ ሊሆን ይችላል፤ ለሦስቱ ብለን እንነሳ» ብሎ መማማር። ጥሪው በከንቱ የሆነ ዕለት ጠዋት ሰፈሩን ያስነሳው ሰው አደባባይ ወጥቶ ለምን እንዳስነሳ፣ ከላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተለካ ይናገር። ሰው ምክንያቱን ካወቀ ይታገሣል። የደወለውን ሰው ደግሞ አለቃው አይቅጣው። በሐቀኝነት ደውሎ ዝናቡ ያሳፈረው ሠራተኛ ከተቀጣ ቀጣዩ ሠራተኛ አይደውልም፤ ያኔ ማስጠንቀቂያው በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል።

ይህ ለጎርፍ ብቻ የሚሆን አይደለም። ጎፋ ዞን፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው የወሰደው የመሬት ናዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ የወረደው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ አገኛቸው። የዕለቱን ዝናብ ብቻ ማየት እዚህ ላይ አይበቃም፤ ለቀናት ሲጠጣ የከረመ ቁልቁለት ትንሽ ዝናብ ይበቃዋል። እዚያ ቀበሌ ውስጥ የሳምንቱን ዝናብ እየደመረ «ይህ ተራራ ጠግቧል፤ ለእርዳታም ቢሆን አትቅረቡ» የሚል አንድ የተመደበ ሰው ቢኖር ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያዎቹን ላያድን ይችል ይሆናል።

ስለ መብረቅም በአጭሩ፦ ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህን ነበር። ብልጭታ ስታዩ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ነጎድጓድ ከተሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ የሚችል ርቀት ላይ ናችሁ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ከሜዳው ውጡ፤ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከብት ፍለጋ አትውጡ። በየዓመቱ ከብት ጠባቂ ልጆች ዛፍ ሥር እንደተጠለሉ ይሞታሉ፤ ይህን የሚነግራቸው መምህር እንኳ ቢኖር ይበቃ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በ2014 ዓ.ም. መጋቢት በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲጠበቅ ጥሪ አቅርበዋል። ኢትዮጵያም ቀድመው ከተመረጡት 30 አገሮች አንዷ ናት። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሲመጣ አብዛኛው ለሕንፃ፣ ለኮምፒውተርና ለስብሰባ እንዳይውል እለምናለሁ። ራዳሩም ይምጣ፤ እኔ ራዳርን አልቃወምም። ራዳሩ እስኪተከል ግን ስንት ክረምት ያልፋል?

የድሬዳዋና የምሥራቅ ሐረርጌ ኃላፊዎች፣ የምለምናችሁ ለእናንተ ትንሽ ነገር ነው። ከዚህ ክረምት በፊት አንድ ቀን ተገናኙ። ከደንገጎ በላይ ካሉት ቀበሌዎች ዝናብ የሚለካ ሰው ምረጡ፤ ደቻቱ ዳር ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው መድቡ፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው ስጡ፤ አበላቸውንም ከሁለታችሁ በጀት ክፈሉ። ቁጥሩንም በወንዙ ግራና ቀኝ ባለ ቤት በር ላይ ሁሉ ለጥፉት።